ያጠረው ሽቦ

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው ባላጠፋው ጥፋት ሲሰደብ ማየት ያናድዳል። የሚወዱት ሰው ባላጠፋው ተሰድቦ «ይቅርታ» ሲል መስማት ግን ያሳብዳል።

አባቴ ልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት ነበረው። እኔ እቀበላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ የተቆጣ ደንበኛ አባብላለሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጀመሪያ የመጣው አዲስ መስመር ሊዘረጋልን ነው። እንደሌሎቹ እንደገባ ግድግዳ መቦርቦር አልጀመረም። ካውያዎቹንና ነጫጭ ልብስ የምንቀቅልበትን ምድጃ እየሰካ ለካቸው፤ ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ግድግዳው ላይ ማስላት ጀመረ።

«ግድግዳችንን ደብተር አደረግከው?» አልኩት።

«ቀለም ይሸፍነዋል» አለ፣ ቀና ሳይል። «ነይ እዪው። ቮልቴጁ ሁለት መቶ ሃያ ነው። ምድጃችሁ አምስት አምፔር ኮረንቲ ይስባል። ቮልቴጁን ለአምፔሩ ስታካፍዪው ስንት ይመጣል?»

«አርባ አራት።»

«አርባ አራት ኦም። ሽቦው ኮረንቲውን የሚገታበት መጠን ነው። ብታባዢያቸውስ?»

«አንድ ሺህ አንድ መቶ።»

«ዋት። የምድጃው ጉልበት።» ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። «ፈጣን ነሽ።»

«አንተ ደግሞ ቀርፋፋ ነህ፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ምድጃ ላይ ነህ።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። እኔም እሱን እያየሁ የሰው ሸሚዝ አሳረርኩ።

ሥራው ካለቀ በኋላም «የላላ ብሎን ላጥብቅ» እያለ ይመጣ ነበር። ጠብቆ የማያልቅ ብሎን! «ስለ እኛ ለአባትሽ እነግራቸዋለሁ» ይለኛል፤ አባቴ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተሳሰራል።

በዚህ መሃል የምድጃው ጥቅል ሽቦ ተበጠሰ። አባቴ «እኔው እጠግነዋለሁ» አለና ጓዳ ይዞት ገባ። እንዴት እንደጠገነው አላየሁም። ውሃው ከወትሮው ቶሎ ሲፈላ ግን ደረቱን ነፍቶ፣ «አየሽ? ከአዲሱ ይበልጣል!» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ረፋድ ላይ ግድግዳው ጨሰ። መስመሩ ቀልጦ መደርደሪያ ላይ የነበረው የደንበኞች ልብስ ነደደ። እሳቱን እንዳጠፋን አባቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አስጠርቶ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ወረደበት።

«ልታቃጥለን ነው የመጣኸው? ይሄ ሙያ ነው? ሁለተኛ የሰው ቤት እንዳትነካ!»

እሱ ምድጃውን ከፈተ። በትከሻው በኩል አየሁ። ከጥቅሉ ግማሹ የለም። አባቴ ያረረውን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ስቦ አገናኝቶታል። ኮረንቲ ሲበዛ የሚያቋርጠውን ፊውዝም፣ ሲቃጠልበት ይመስለኛል፣ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ተክቶታል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰና፣ «ይቅርታ አባባ፣ በራሴ ወጪ እቀይረዋለሁ» አለ።

ዳቦ ቤት ያላት ጎረቤታችን እዚያው፣ «የኔን ሥራ ተወው፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለችው። እሱም እሺ ብሎ ወጣ። እሺ!

በማግስቱ አዲስ ሽቦ በትከሻው አንጠልጥሎ ሲመጣ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አትገባም።»

«ምን ሆንሽ?»

«ሽቦውን አይተኸዋል። ለምን ዝም አልክ?»

«አባትሽ ናቸው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ልጅዎን ይስጡኝ የምላቸውን ሰውዬ ዛሬ በሰው ፊት ላዋርዳቸው?»

«ስለዚህ እኔን በውሸት ልትወስደኝ ነው? አዲስ መስመር ትዘረጋለህ፣ አባዬ ነገ ደግሞ ሽቦውን ያሳጥራል፣ ከዚያ እኔም እሱም እንቃጠላለን! አንተም እንጀራህን አጥተህ ትቀራለህ!» እንባዬ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው። «እወድሃለሁ። እውነቱን ዋጥ አድርጎ የሚኖር ባል ግን አልፈልግም። ወይ ተናገር፣ ወይ ሽቦህን ይዘህ ሂድ።»

ሽቦውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ከዚያ አልፎኝ ገባ።

መስመሩን ቀየረ። ከዚያ ምድጃውን ሰክቶ መለኪያውን ሽቦው ላይ አደረገ።

«አባባ፣ ያንብቡልኝ።»

አባቴ መነጽሩን አስተካከለ። «አሥር ይላል።»

«ስሠራልዎ አምስት ነበር። ሁለት መቶ ሃያን ለአሥር ሲያካፍሉት ሃያ ሁለት ኦም ነው፤ ድሮ አርባ አራት ነበር። ሽቦው በግማሽ ሲያጥር የሚገታው በግማሽ ቀነሰ፣ የሚያልፈው ኮረንቲ እጥፍ ሆነ፣ ጉልበቱም እጥፍ ሆነ። ቶሎ ያፈላልዎት ለዚህ ነው። መስመሩን ያቀለጠውም እሱ ነው። ፊውዙ እንዳያቋርጠው ደግሞ በመዳብ አሰሩት።» ትንፋሹን ሳበ። «ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ልጅዎንም እወዳታለሁ።»

የምድጃው ውሃ መንጫጫት ጀመረ። አባቴ ሶኬቱን ራሱ ነቀለ። ፊቱ ቀልቷል።

«በየትኛው ልቆጣ?» አለ በመጨረሻ። «ትናንት ለምን ዝም አልክ?»

«ልጅዎን እንዳላጣ።»

«ዛሬስ ለምን ተናገርክ?»

«ልጅዎን እንዳላጣ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ጥርሴን ነክሼ እያየሁት ነበር።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ?»

«የሰደብከው ጎረቤት ሁሉ ፊት ነው፣ አባዬ» አልኩት።

ቆቡን አድርጎ ወጣ። በመስኮቱ ሳየው ወደ ዳቦ ቤቱ አመራ። በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠራረገና መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኾ፣ «እሳቱን ያስነሳሁት እኔ ነኝ! ልጁ ንጹሕ ነው!» አለ።

የዚያን ጊዜ ነው አጠገቤ የቆመውን ልጅ እጅ የያዝኩት።