እንመክርበታለን

የባንዱ ስም «ትርፍ ሰዓት» ነው። ስሙን ያወጣችው ቤዝ እየተጫወተች የምትዘፍነው ማዕዶት ናት። አራቱም አባላት የየራሳቸው ባንድ ስላላቸው፣ የሚገናኙት ከዋናው ሥራቸው በተረፈች ሰዓት ብቻ ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሮክ የሚጫወቱ የሐበሻ ልጆች በጣት ይቆጠራሉ። ከየባንዱ ጎበዝ ጎበዙ ተለቅሞ አንድ መድረክ ላይ ሲቆም ሰው ጉድ አለ፤ የመጀመሪያ አልበማቸውም ካሰቡት በላይ ተሰማ።

ከአራቱ ባተሌው ምንይሉ ነው። ከትርፍ ሰዓት ሌላ ለሦስት ባንድ ድራም ይመታል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ቢሉት አይሰማም፤ «ና» ላለው ሁሉ መልሱ «እሺ» ነው።

ከማዕዶት ጋር የተገናኙት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። የዚያን ቀን እዚያ ልትዘፍን መጥታ ድራመሯ ቀርቶባት ግራ ሲገባት፣ ጥግ ላይ ክትፎ ይበላ የነበረ ልጅ እጁን ታጥቦ መጣና ከድራሙ ኋላ ተቀመጠ። ቤዝ ጊታሯን እንደያዘች ዞር ብላ አየችው።

«ቀስ በል እንጂ፤ የሚያባርርህ የለም» አለችው።

«አንቺ እያየሽኝ እንዴት ቀስ ልበል?»

ሳቋ መጣ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ግን ዳግመኛ አልዞረችም፤ ብትዞር ግጥሙ ይጠፋት ነበር።

ሁለት ዓመት ተዋደዱ። ፍቅራቸውም እንደ ባንዳቸው በትርፍ ሰዓት ነበር፤ እሷ ከራሷ ባንድ ጋር ሳን ዲዬጎ ስትሆን እሱ ፖርትላንድ ነው። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሳሉ «እንጋባ» አላት።

«ሶ፣ ለአባዬ ሽማግሌ ላክ» አለችው ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «መልሱ ከእሱ አፍ ይምጣ። እስከዚያ እኔን ምንም እንዳትጠይቀኝ፤ ከቀደምኩት ይከፋዋል።»

ምንይሉ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ደንቡን ግን ማንም አላስተማረውም። ከፋሲካ በኋላ የሚያውቃቸውን ታክሲ ነጂ፣ ጋሼ ብርሃነመስቀልን፣ ከሁለት ሰዎች ጋር ዌስት አዳምስ ሰፈር፣ እነማዕዶት ቤት ላካቸው። አባቷ ጋሼ እንዳሻው ደስ ብሏቸው ተቀበሏቸው። ግን ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም። «እንመክርበታለን፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ተመለሱ» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው፤ ይህን የማያውቅ ሽማግሌ የለም።

ጋሼ ብርሃነመስቀል ከቤቱ እንደወጡ ደወሉ። ምንይሉ መድረክ ላይ ድራሙን እያስተካከለ ነበር።

«እንመክርበታለን ብለዋል። አይዞህ፣ ልጄ!»

ቀጠሮውን ሊነግሩት ሲሉ «ኦኬ፣ ገብቶኛል ጋሼ» ብሎ ዘጋው። አይዞህ ለሚበረታታም ላዘነም ይባላል፤ እሱ የሰማው የሐዘኑን ነው። በማግስቱ «ስለደከሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከእንግዲህ አይልፉ» ብሎ ጻፈላቸው። ሽማግሌው ልጁ ሐሳቡን ቀየረ ብለው ተቆጡ፤ ለጋሼ እንዳሻው ደውለው ለመናገር ግን አፈሩ። ምንይሉ ደግሞ ለሦስት ወር ቱር ውጣልን ያለውን ባንድ እሺ አለ። ማዕዶትን አልጠየቃትም፤ እንዳትጠይቀኝ ብላዋለች።

በቀጠሮው እሁድ ጋሼ እንዳሻው ሱፋቸውን ለብሰው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላሉ፤ መልሰው ይቀመጣሉ። እናቷ የቀዘቀዘውን ወጥ ታሞቃለች። ማዕዶት ስልኳን ስትከፍት ምንይሉ ለባንዱ ሁሉ የላከውን መልእክት አገኘች፦ «ጋይስ፣ ሰመሩን ሦስቱንም ወር ቱር ላይ ነኝ። ሶሪ።»

«አይመጡም፣ አባዬ» አለች በመጨረሻ።

ጋሼ እንዳሻው ክራቫታቸውን ፈትተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከሰው ጋር ቆሞ ማውራት ተዉ።

እሷ ተቀይማ፣ እሱ አኩርፎ ዓመት አለፈ። ሁለተኛውን አልበም ለመቅዳት ጋርዴና ባለ ስቱዲዮ ሲገናኙ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ምሳ ሊገዙ ወጡና ብቻቸውን ቀሩ። ምንይሉ ጣቷን አየ።

«ቀለበት ነው?»

«ነው። ወንድይፍራው ይባላል። ጥሩ ሰው ነው።»

«አባትሽ እኔን እምቢ ብለው ለእሱ ፈቀዱለት ማለት ነው።»

«ማነው እምቢ ያለህ?»

«እንመክርበታለን አሉ አይደል?»

ማዕዶት ጊታሯን አስቀመጠች። «ምንይሉ፣ እሱ እኮ እሺ ማለት ነው! አባዬ ተመለሱ ብሎ ቀጥሯቸው ነበር። ሱፉን ለብሶ ቀኑን ሙሉ ጠበቃቸው።»



«በዚህ ከተማ እንመክርበትና እንደውልልሃለን ያለኝ ሰው ደውሎልኝ አያውቅም» አለ።

ልትስቅ ብላ አለቀሰች።

«ሠርጉን ካንስል አድርጊው» አላት። «እለምንሻለሁ። አባትሽ እግር ላይ ልውደቅ።»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አባዬ ለእነወንድይፍራው ቀጠሮ እንኳ አልሰጠም፤ በመጡበት ቀን እዚያው እሺ አለ። ተመለሱ ብሎ መጠበቅ ፈርቶ ነው። እኔም ቃል ሰጥቻለሁ። የሰው አባት ጠብቆ እንዲቀር አላደርግም።»

«ትወጂዋለሽ?»

«እወድሃለሁ» አለች። የጠየቃት ግን ስለ ወንድይፍራው ነበር።

ከውጭ የሌሎቹ ሳቅ ሲቀርብ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች።

«ሠርጌ ላይ እንዳትመጣ። ካየሁህ አልችለውም።»

«እሺ» አለ።

ሠርጉ በጥር፣ ቅዳሜ ቀን ነበር። ለዚያች ቅዳሜ ሦስቱም ባንዶች ምንይሉን ጠርተውት ነበር። ለማንም እምቢ ብሎ የማያውቀው ሰው ለሦስቱም እምቢ ብሎ ቤቱ ዋለ።