ይከፋቸዋል ብዬ ያልነገርኳቸው

ጠዋት ጠዋት እንግዳ ለመጫን ሆቴል በር ላይ ስቆም አንድ አመል ነበረኝ። ፊታቸውን እንጂ ልብሳቸውን አላይም። «ጁሌ!» ብዬ በቋንቋችን ሰላም እላለሁ ጥርሴን ገልጬ፤ ሻንጣ እቀበላለሁ፣ የመኪና በር እከፍታለሁ። ቁምጣ ለብሰው ይውጡ፣ በነጠላ ጫማ ይውጡ፣ እኔ ምን አገባኝ? የተራራማዋ ከተማችን የሌህ ሹፌሮች፣ ወንድሞቼ፣ አብዛኞቻችሁም እንደኔው ናችሁና ይህን ታሪክ ሳላሳምር ልንገራችሁ።

የእንግዳው ወቅት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። በዚያ ጠዋት ባለቤቴ ቹስኪት ሁለት ጎንቻ፣ ያንን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰውን የሱፍ ልብሳችንን፣ አጣጥፋ አመጣችልኝ።

«መኪናው ውስጥ አድርጋቸው። የቆላ ልጆች ናቸው ብለሃል። ጋራ ለመሻገርም፣ ገዳም ለመግባትም ይሆናቸዋል።»

«አንቺ ደግሞ! ቅቤና ጭስ የሚሸት ልብስ ለሙምባይ ሙሽሮች ልስጥ? መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«ምን ቸገረህ? ለብሰው ይሳቁ።»

«ልብሳችሁ አይሆንም ብላቸው ይከፋቸዋል። ከከፋቸው ደግሞ ስልካቸው ላይ አንድ ኮከብ ሰጥተውኝ ነው የሚሄዱት። ከዚያ በኋላ ማን ይቀጥረኛል?»

ልብሶቹን ወንበር ላይ ትቻቸው ወጣሁ። እንግዳን ማረም ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ እኔም ፍርሃቴን ጨዋነት ብዬ ስጠራው ኖሬያለሁ።

ሙሽሮቹ ሮሃንና ኢሺታ ይባላሉ። እሱ ቁምጣ፣ እሷ ክንዷንና ትከሻዋን ያልሸፈነ ስስ ቢጫ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ለፎቶ እንዲያምር ነው። ክፉ ልጆች እንዳይመስሏችሁ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ኢሺታ ራሷ ጠየቀችኝ።

«ወንድሜ፣ ይበርዳል እንዴ? ጃኬቶቻችን ላይ ክፍላችን ውስጥ ናቸው፤ ሮጥ ብዬ ላምጣ?»

«ኧረ ችግር የለም! ፀሐይዋን አታዩአትም?» አልኩ።

«ገዳሙስ? እንዲህ ለብሰን ያስገቡናል?»

«የኛ መነኮሳት ደጎች ናቸው፤ ማንንም አይመልሱም።»

ይኸኛው እንኳ እውነት ነበር።

የጋራው መሻገሪያ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ይገርፍ ጀመር። ኢሺታ ለፎቶ ወርዳ ሳትቆይ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ተመለሰች። ከጋራው ማዶ ወዳለችው ትንሽ ገዳም ስንደርስ ራሷን አሟት ነበር። ሌሎቹ መነኮሳት ለጸሎት ወደ ቆላው መንደሮች ወርደው፣ ቁልፉን ይዘው የቀሩት አረጋዊው መነኩሴ ሜሜ ራብግያስ ብቻ ናቸው፤ ሜሜ በኛ አያት ማለት ነው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል።

ኢሺታ የቤተ ጸሎቱ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ በእጆቿ ትከሻዋን ሸፍና አንገቷን ደፋች። ሜሜ አዩዋትና በኛ ቋንቋ ጠየቁኝ።

«ጊዩርመት፣ ይህቺ ልጅ በርዷት ነው ወይስ አፍራ የምትንቀጠቀጠው?»

«ሁለቱም ይመስለኛል፣ ሜሜ።»

«አንተስ የት ነበርክ?» አሉና ሳቁ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ወፍራሙን የሱፍ ካባቸውን አውልቀው ራሳቸው አለበሷት፤ እስከ እግር ጣቷ ሸፈናት። ለሮሃን ደግሞ ከትከሻቸው ላይ ነጠላቸውን ፈተው እንደ ሽርጥ ወገቡ ላይ አሰሩለት።

«አሁን መነኩሴ መሰልክ፤ ሚስትህ እንዳትሸሽህ!» ሲሉት ተረጎምኩለት፤ ሁላችንም ሳቅን።

ቤተ ጸሎቱ እሳት የማይነድበት፣ ፀሐይ የማይደርስበት ነው። ሜሜ እጅጌ በሌላት የውስጥ ልብስ ብቻ ሆነው አንድ ሰዓት ሙሉ የግድግዳውን ሥዕሎች አንድ በአንድ አስረዷቸው። የክንዳቸው ቆዳ ሲሸማቀቅ አየሁ። የራሴን ጃኬት አውልቄ ልሰጣቸው አሰብኩ። ማሰብ ብቻ። ሞቆኝ ነበራ።

ስንወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። «ቶሎ በሉ፣ በረዶ ሳይዘን!» አልኩ። ሮሃን ነጠላውን ፈቶ መለሰ። ኢሺታም ካባውን ልታወልቅ ስትል ሜሜ እጇን ያዙ።

«ተዪው የኔ ልጅ፣ ጋራው ላይ ይብሳል። ጊዩርመት ያመጣልኛል።»

«ነገውኑ አመጣለሁ፣ ሜሜ!» አልኩ።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ መንገዱም ክፍት ሆኖ ዋለ። እኔ ግን ሌሎች እንግዶች አግኝቼ በሌላ አቅጣጫ ሄድኩ። በነጋታውም እንዲሁ። ቹስኪት ኢሺታ የመለሰችልኝን ካባ ምሶሶው ላይ ሰቅላ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ታሳየኛለች።

«የሽማግሌ ልብስ እኮ ነው። ዛሬም አልወሰድክም?»

«ሌላ አያጡም፤ ገዳም አይደለም እንዴ?» አልኳት።

ሌላ አልነበራቸውም። እንዴት ይኖራቸዋል? አዲስ በተሰጣቸው ቁጥር ለሌላ ሲሰጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን አገር ያውቀዋል፣ እኔም አውቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን በረዶ ጥሎ መሻገሪያው ለዘጠኝ ቀን ተዘጋ።

መንገዱ በተከፈተ ቀን ከሁሉ ቀድሜ ወጣሁ። ሜሜን ያገኘኋቸው በጎረቤታቸው በአሮጊቷ በአቢ ዛንግሞ ቤት፣ ኩበት ከሚነድበት ምድጃ አጠገብ ተኝተው ነው። ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይፈላል። አቢ ዛንግሞ ካባውን ክንዴ ላይ ሲያዩ ከመቀመጫቸው አልተነሱም።

«መጣህ? ካባውን ለማምጣት ነው ወይስ ሬሳቸውን ለመውሰድ?» አሉኝ። «በረዶው እየወረደ ጠዋት ማታ የቤተ ጸሎቱን መብራት ሊያበሩ በዚያች ነጠላ ሲመላለሱ ከረሙ። ተዉ ብንል ማን ሰምቶን!»

ሜሜ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ልጅቷ ተሻላት?»

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ሜሜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጃኬት እናምጣ ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አያስፈልግም አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ይከፋቸዋል ብዬ።»

«አሃ» አሉ። ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቁ። «እኔም እኮ እንዳይከፋት ብዬ ነው የሸፈንኳት። አንተ ግን ልጄ፣ የፈራኸው ለራስህ ነው።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያንኑ ዕለት በካባቸው ጠቅልዬ ሌህ ሆስፒታል አደረስኳቸው። የሳምባ ምች ነው ተባለ። በአራተኛው ቀን አረፉ። ሐኪሙ ሊያጽናናኝ ብሎ «ዕድሜም አለ» አለኝ። ይሆናል። እኔ ግን ያንን ቀዝቃዛ ቤተ ጸሎት፣ ያንን የተሸማቀቀ ክንድ አይቻለሁ። ለኔ የገደላቸው ዕድሜ አይደለም።

ከሳምንት በኋላ ኢሺታ ደወለች። ለሜሜ አዲስ ካባ ልትልክ ፈልጋ ቁመታቸውን ነበር የምትጠይቀኝ። ውሸት ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ሙሽራ ናት፣ ለምን ላሳዝናት ብዬ። ግን ነገርኳት፣ ሁሉንም። ስታለቅስ ሰማኋት።

«አንድ ቃል ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለችኝ። «ደረጃውን ወጥቼ ለማምጣት ሁለት ደቂቃ ነበር እኮ የሚፈጅብኝ።»



ወንድሞቼ፣ እንግዳው አገራችንን አያውቅም፤ የምናውቀው እኛ ነን። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ወፍራም ልብስ ያዙ፣ ለብርዱም ለገዳሙም ነው ብለን መንገር የሥራችን ግማሽ ነው። እኛ ዝም ስንል ሌላ ሰው ልብሱን አውልቆ ይሰጣል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትርፍ ልብስ የሌለው ነው።

አሁን ሆቴል በር ላይ መጀመሪያ የማየው ልብሳቸውን ነው። ካልለበሱ ሞተር አላስነሳም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ «አንተ አባቴ ነህ እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝና ከነቤተሰቡ ወርዶ ሌላ መኪና ያዘ። ተቀይሞኛል፤ ይቀየመኝ። ለያዙት መኪና ሹፌር ደውዬ «ልጆቹ እጅጌ የላቸውም፣ ሳይለብሱ እንዳትነሳ» አልኩት።

«አንተን እንቢ ያሉ ሰዎች እኔን ይሰሙኛል?» አለኝ።

«አይሰሙህም ይሆናል» አልኩት፤ «ብቻ ንገራቸው።»