የግድግዳው ስፌት

አታምኑኝም... አውቃለሁ።

እኔም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ «ይቺ ሴትዮ ቀወሰች» ብዬ አልፋት ነበር። ግን ሆኗል። በገዛ ራሴ ላይ የሆነ ነገር ነው። የቻናሉ ሰዎች፣ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ እኔ ግን እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

ቦታው ከጫማ መሸጫ በላይ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ተቀምጠናል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መንጋጋዬ አብጦ ዓይኔን ሊደፍነው ደርሷል። አጠገቤ ታላቅ ወንድሜ አለ። ጋሼ ነው የምለው። ኤሌክትሪሺያን ነው። «ብቻሽን አትሄጂም» ብሎ ሥራውን ጥሎ መጣ። እናትና አባታችን ከሞቱ ወዲህ እናትም አባትም የሆነኝ እሱ ነው።

ፊት ለፊታችን ጉንጩን በመዳፉ የደገፈ ወፍራም የሚኒባስ ሹፌር ተቀምጧል። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ። እትዬ እንላቸዋለን።

መብራት ጠፋ።

በጠራራ ፀሐይ መብራት ቢጠፋ ምን ይጨልማል? እኛ ግን ጨለመብን። መስኮቱም አብሮ ጠፋ...

ተመልሶ ሲበራ ክፍሉ ያው ነው። ወንበሮቹ፣ ጠረጴዛው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችው የምትስቅ ሴት ፎቶ።

ግን የሴትየዋ ጥርሶች በዝተዋል።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሔት አነሣሁ። ፊደል ይመስላል... ፊደል አይደለም።

ሹፌሩ ሄዶ በሩን ሳበው። ወዲያው እጁን ሰበሰበ።

«ምነው?» አለው ጋሼ።

«እጀታው... ይሞቃል። እንደ ሰው እጅ ይሞቃል።»

በሩ የሚከፈት በር አልነበረም። ከግድግዳው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። ክፍላችንን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ሲነገረው ሰምቶ የሠራው ዓይነት ክፍል ነበር።

ከዚያ ግድግዳው ተከፈተ።

እንደ ተተረተረ ስፌት... ከላይ እስከ ታች።

እነሱ ገቡ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ዓይን አይይዛቸውም። እርጥብ ልብስ ከገመድ ላይ ሲንጠለጠል አይታችኋል? እንደዚያ ረጃጅሞች ናቸው። ይንጠባጠባሉ። ወለሉ ግን አይረጥብም። የዚህ ዓለም ፍጥረት አይደሉም። ማንም ሳይነግረን አራታችንም ያወቅነው ያንን ነው።

ዳቦ የሚመስል፣ ምንም ጣዕም የሌለው ነገር አስቀምጠው ወጡ። ስፌቱ ከኋላቸው ቀስ እያለ ተገጠመ።

በመጨረሻ ሹፌሩ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ «ሳያንኳኩ የሚገቡት አከራዮች ብቻ ናቸው» አለ።

ሳቅን። በዚያ ክፍል ውስጥ አራታችንም አንድ ላይ የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው። ስማቸውም አከራዮቹ ሆኖ ቀረ።

መስኮት በሌለበት ቤት ቀንና ማታ አይታወቅም። ስንነቃ ነጋ እንላለን፣ ሲደክመን መሸ እንላለን።

አንዴ ስንነቃ ጋሼ የለም።

እዬዬ አልኩ። ግድግዳውን በጥፍሬ ቧጠጥኩት። እትዬ አቅፈው ያዙኝ።

ኋላ ስፌቱ ተከፍቶ መለሱት። በእግሩ መጥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ምን አደ...»

«ምንም» አለኝ።

ጥያቄዬን ገና አልጨረስኩም ነበር።

መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ከዚያ በኋላ ግን ሁሌም እንደዚያ ሆነ። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ይመልሳል። ሹፌሩ ቀልድ ሲጀምር፣ ቀልዱ ጋ ሳይደርስ ይስቃል...

የማምለጡን ሐሳብ ያመጣው ሹፌሩ ነው። አከራዮቹ ሲወጡ ስፌቱ ቶሎ አይገጠምም። የብረቱን ወንበር ብንሸጉጥበት ይይዘው ይሆናል።

ራስ ለራስ ገጥመን ተንሾካሾክን። ተስማማን። ተኛን።

ስንነቃ ወንበሮቹ የሉም።

ሁሉም። አንድ አልቀረም።

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። ወደ ጋሼ ሄደ።

«ነገርካቸው።»

«አልነገርኩም።»

«ከእኛ መሃል እነሱ ጋ ሄዶ የመጣ አንተ ብቻ ነህ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ... አንተ!»

«ኧረ ተው!» አሉ እትዬ። «ግድግዳም ጆሮ አለው ይባላል። የዚህ ቤት ግድግዳ ደግሞ አፍም እንዳለው አይተናል። ማን ይንገር ማን በምን አወቅህ?»

«እርስዎም ዝም ይበሉ! ሲበሉ አላየሁም። ማን ያበላዎታል?»

እትዬ ደነገጡ። ድርሻቸውን ለእኔ እየሰጡኝ ነበር። መንጋጋዬን እያመመኝ እንኳ እንድበላ በጣታቸው እየፈረፈሩልኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ሹፌሩ ጋሼን በቡጢ አፍንጫው ላይ ደረገመው።

ደም ወረደ። ቀይ የሰው ደም። «አየህ?» ብዬ ጮህኩበት። «ደሙን አየህ? ሰው ነው! ወንድሜ ነው!»

ሹፌሩ ግን የሚያየው ደሙን አልነበረም። የጋሼን ፊት ነበር። ጋሼ፣ ቡጢው ከማረፉ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቅ ነበር...

እትዬ በሻርፓቸው ደሙን ጠረጉለት። ስለለመደባቸው የእጁን አንጓ ያዝ አድርገው የደም ሥሩን አዳመጡ። ፊታቸው ተለወጠ።

ወደ እኔ መጥተው የእኔን ያዙ። በሌላ እጃቸው የራሳቸውን።

«ምን አገኙ እትዬ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«እኩል ነው የሚመታው።»

«የማን?»

«የሦስታችንም... በአንዲት ምት እንኳ አይበልጥም፣ አያንስም። ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ልብ ሰምቻለሁ። ሁለት ልብ እንዲህ አይመታም። መንታ እንኳ እንዲህ አይመታም።»

ያን ሲነግሩኝ እኔም የያዝኩት ምሥጢር ነበረኝ። ለማንም ያልተናገርኩት።

የጋሼን ሸሚዝ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ በቀኝ በኩል ነው የሚተከለው። ጋሼ ሲመለስ የለበሰው ሸሚዝ ጨርቁ የእኔ ነው፣ ስፌቱ የእኔ ነው...

ቁልፎቹ በግራ ናቸው።

ብናገር ሹፌሩ ይገድለዋል። ዝም ብል ደግሞ... ማንን ይዤ ነው የምወጣው? ዝም አልኩ።

አዲሱ ዕቅድ ያለ ወንበር ነበር። በእጃችን። አከራዮቹ እንደወጡ ሁለቱ ወንዶች የስፌቱን ጠርዝ ግራና ቀኝ ይዘው ይስባሉ። እኔና እትዬ እንወጣለን። ከዚያ እኛ ከውጭ እንይዝላቸዋለን፣ እነሱ በየተራ ይወጣሉ።

ቀላል ይመስላል አይደል? የወጣው ሰው ጠርዙን ቢለቅስ? የቀረው እዚያው ይቀራል። ነገሩ የቆመው በእምነት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ያለቀው እሱ ነው።

«መጨረሻ የሚወጣው እሱ ይ...» አለ ሹፌሩ።

«እሺ። እኔ መጨረሻ» አለ ጋሼ።

ሹፌሩ ትክ ብሎ አየኝ። አንገቴን ደፋሁ።

አከራዮቹ መጡ። አስቀመጡ። ዞሩ። የመጨረሻው እንደወጣ ወንዶቹ ዘለው ጠርዙን ያዙ። ሹፌሩ አቃሰተ። «ውጡ! ውጡ!»

ወጣን።

ወዲያ ማዶ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ጫፉ ላይ ብርሃን ይታያል። የእውነት የፀሐይ ብርሃን። አከራዮቹ የሉም። እኔና እትዬ ጠርዙን ያዝን። ሹፌሩ ሆዱን ሰብስቦ በግድ ሾልኮ ወጣ። እሱም ያዘ።

«ጋሼ! ና!»

ጋሼ እጁን አሾለከ። ያዝኩት። ያኔ ሹፌሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ትተነው እንሂድ።»

«ቃል ገብተናል!» አሉ እትዬ።

«ቃል የገባነው ከሰው ጋር ነው!»

ለቀቀ። ወደ ብርሃኑ ሮጠ። ኮቴው ሲርቅ ሰማሁት... ከዚያ መሃል ላይ ድንገት ቆመ። እንደ ሰው ቆም ማለት አይደለም። ኮቴው ብቻ ነው የጠፋው።

የእትዬ ጣቶች ተንሸራተቱ። ስፌቱ በጋሼ ወገብ ላይ መገጠም ጀመረ።

«አትልቀቂኝ እቴ... አትልቀቂኝ...»

«ልቀቂው።»

ያው ድምፅ ነው። ግን ከጀርባዬ ነው።

ዞርኩ። መተላለፊያው ውስጥ ጋሼ ቆሟል። ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው። ከስቷል። ዓይኑ ያለቀሰ ሰው ዓይን ነው።

እትዬ «በስመ አብ...» አሉና ግድግዳውን ተደገፉ።

«የትኛው ነህ?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሁለቱም። አንድ ላይ።

ምን ላድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሸሚዙን አውቃለሁ። ቁልፉን አውቃለሁ። ግን እጅ ይዞኛል። በዚያ እጅ ነው መንገድ ተሻግሬ ያደግኩት። የያዘኝን እጅ መልቀቅ አቃተኝ።

ሳብኩ።

ራቁቱን የቆመው ወደ እኔ መጣ። ሊመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን ጀርባውን ለስፌቱ ሰጥቶ፣ በሁለት እጁ ጠርዙን ገፍቶ ከፈተልኝ። ያኛው ተጎትቶ ወጣ።

«በቃ። እትዬን ያዣቸውና ሂጂ» አለኝ። «ወደ ኋላ አትዪ።»

አየሁ እንጂ። ከስፌቱ ውስጥ ረዘም ያለ እርጥብ ነገር ወጥቶ ትከሻውን ሲያቅፈው አየሁ። አልጮኸም። እኔን እያየ ወደ ውስጥ ገባ...

እትዬንና ጎትቼ ያወጣሁትን ይዤ ወደ ብርሃኑ ሮጥኩ፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ነበርን። የክሊኒኩ ደረጃ። የካርድ ክፍሏ ልጅ «ቀጣይ!» እያለች ስሜን ትጠራለች። ፀሐይዋ እንደነበረች ናት።

የሹፌሩ ሚኒባስ ክሊኒኩ በር ላይ ብዙ ቀን ቆማ፣ በመጨረሻ ትራፊክ ፖሊስ አስነሣት። እትዬ ልጃቸው ጋ ገቡ። ስልኬን አያነሡም።

ጋሼ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ይኖራል። ይሠራል፣ ይጫወታል፣ ገበያ ደርሶ ይመጣል። ከድሮው ይልቅ ደግ ሆኗል። የጎረቤት ሰው ሁሉ ይወደዋል።

እኔ ግን ሲያቅፈኝ፣ ያንን ገፍቶ የከፈተልኝን ሰው አስባለሁ። እንደ ወንድም ያደረገው እሱ ነበር...

ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ልብስ እየተኮስኩ በመስኮት ወደ ጓሮ አየሁ።

ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ገብተው ዙሪያውን ከበውታል። ትልቁም ቡችላውም። አንዱም አይጮህም። አንዱም ጭራውን አይቆላም።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። በየመሃሉ ራሱን ይነቀንቃል።

«እሺ...» ይላል። ዝም ብሎ ያዳምጥና ደግሞ፣ «እሺ...»

ካውያው ከእጄ ወደቀ።

ውሾቹ ሁሉ እኩል ቀና ብለው ወደ መስኮቱ አዩ።

ጋሼ አልዞረም። ጀርባውን እንደሰጠኝ እጁን አነሣና፣ ቀስ አድርጎ... ሰላም አለኝ።