ያልተከፈተው ጠርሙስ

በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያልፈለገ ይለፈው... አልቀየምም።

ባለፈው ግንቦት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ከቢቸና ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ያለች አንዲት ምንጭ ዳር ቆመናል። ሰገነት እባላለሁ፣ የውሃ ጥራት ባለሙያ ነኝ። አብሮኝ ያለው ሙጀሂድ የሞጣ ልጅ ነው፣ የላብራቶሪ ሰው።

ለዚህች ምንጭ ጥናት ገንዘብ ስለምን ሦስት ዓመቴ ነው።

መጀመሪያ ለጋሾቹ "መረጃ ያንሳል" አሉኝ። መረጃውን ለመሰብሰብ እኮ ነው ገንዘቡን የለመንኩት! ቀጥለው ደግሞ "ምርመራው ውሃው ንጹህ ነው ይላል፤ ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?" አሉኝ።

ችግሩማ... ውሃው ውስጥ የሚኖር ምንም ነገር የለም። ከብት አይጠጣውም። ሦስት መቶ አባወራ ግን ይጠጣዋል።

በመጨረሻ ለጋሾቹ "አንድ ዙር ናሙና ከነብላንኩ መርምሩ፤ ብላንኩ ንጹህ ከሆነ እናያለን" አሉ። ብላንክ የምንለው ቢሮ ውስጥ የተጣራ ውሃ ሞልተን የምናሽገውን ጠርሙስ ነው። አብሮን ሜዳ ወርዶ ሳይከፈት ይመለሳል። ምንም ሊገኝበት አይገባም።

ሙጀሂድ ድንጋይ ይገለብጣል።

"አልቅት እንኳ የለም" አለኝ።

"ደህና አድርገህ ፈልግ።"

"የለም አልኩሽ... ሰገነት።"

ላሞች መጡ። ምላሳቸው በጥም ወጥቷል። አሸተቱና ዞረው ሄዱ።

እኔም ጠምቶኛል። በዚያ ላይ አንጀቴ አሯል። "ንጹህ ነው አይደል የሚሉት?" ብዬ በእፍኜ ዘግኜ ጠጣሁ።

የምንጩ ጠባቂ አያ አካለ ወልድ ክንዴን ያዙኝ።

"ምነው ልጄ..."

"እርስዎስ አይጠጡትም እንዴ?"

"እኔ የጣሪያ ውሃ ነው የምጠጣ።"

"ታዲያ ለሰው አይናገሩም?"

"ተናገርኩ" አሉ በሹክሹክታ። "ማስረጃ አምጣ አሉኝ።"

በሦስተኛው ቀን፣ አሁንም ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቢቸና ቢሮ ነን። ከምንጩ ውሃ የቀዳንባቸው ጠርሙሶች ተመርምረው እንደ ወትሮው ንጹህ ናቸው። ሙጀሂድ ብላንኩን አነሳ... መልሶ አስቀመጠው።

"ነይ ወዲህ።"

ክር የሚያካክሉ ሰባት አልቅቶች። በታሸገው ጠርሙስ ውስጥ።

"ከፍተኸው ነበር?"

"ማሸጊያውን እዪው። ፊርማሽ እንዳለ ነው።"

ያየነውን ከነፎቶው ለለጋሾቹ ላክሁ። መልሱ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጣ። በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ፈጥነው አያውቁም! "ብላንኩ ተበክሏል። የምንጩ ውሃ ግን ንጹህ ነው። ጥያቄው ተዘግቷል።"

አለቀስኩ። ከንዴት ብዛት አለቀስኩ። እነዚያ ሦስት መቶ አባወራዎች ነገም እንስራቸውን ይዘው ይወርዳሉ።

"ሰገነት... እዪ" አለ ሙጀሂድ።

አልቅቶቹ ሁሉም ከምንጩ ጠርሙሶች በራቀው ጎን ተጣብቀዋል። ጠርሙሱን አዞረው። ተመልሰው ወደዚያው ጎን ሄዱ።

"ከምንጩ ውሃ እየሸሹ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ።

የምንጩን ጠርሙሶች ሰብስቤ ግቢው ውስጥ አስቀመጥኋቸው። ስመለስ ሙጀሂድ ፈገግ ብሎ ነበር።

"ተበተኑ! ልክ እንደወጣሽ..."

ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ።

ሰባቱም በአንዴ ወደ ማዶው ጎን ሸሹ።

በግራ ዞርኩ። በቀኝ ዞሩ። በቀኝ ዞርኩ... በግራ።

አልቅት የሰው ገላ ሲሸተው ይመጣል እንጂ ሲሸሽ ታይቶ አይታወቅም።

"ሙጀሂድ... ያ የጠጣሁት ውሃ..." አልኩት።

ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል፣ ቀስ ብሎ ወደ ማዶው ግድግዳ ሄዶ ተለጠፈ።