አባቴ ያልዘፈነው ዜማ

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ማመን ያቃተው ይለፈው፤ አልለምንም።

ኢዞታ እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤትን ቶሎ ተሰናብቻለሁ፤ እኔም አልናፈቅኩትም፣ እሱም አልናፈቀኝም። አንድ ነገር ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ... የአባቴን ድምፅ። ሺህ ቴነር፣ ሺህ ባለ ከፍተኛ ድምፅ ወንድ ዘፋኝ ደርድራችሁ፣ ዓይኔን በጨርቅ አስራችሁ ብታዘፍኗቸው፣ ገና አንደኛውን ቃል ሳይጨርስ "ይሄ ነው!" እላችኋለሁ። በዚህ እኔን የሚያታልል ሰው አልተወለደም።

ቀኑ እሑድ ነው። ኅዳር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ቦታው የከተማችን ቲያትር ቤት... ጉሙ ከፖ ወንዝ ተነስቶ በሩ ድረስ የመጣበት ቀን።

ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልበል።

አባቴ ኤቫሪስቶ ቴነር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤል ካንቶ በሚባሉት የድሮ የጣሊያን ኦፔራዎች ውስጥ ሲያፈቅር፣ ሲከዳ፣ ሲሞት ኖሯል። እኔም በየቲያትር ቤቱ ልብስ መቀየሪያ፣ ካባ ሥር ተኝቼ አድጌያለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ተነሳ። አፉን ከፈተ...

ምንም።

ጉንፋን አልያዘውም። ጉሮሮውን አላመመውም። ድምፁ ብቻ የለም።

ደብተሬን ሳበና ጻፈ፦ "ለማንም እንዳትናገሪ።"

ገባኝ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት ስልኩ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የጠራው። አሁን በከተማችን ቲያትር ቤት የያዘው ሚና ከቀረበት ሌላ የሚጠራው የለም። ከመዝፈን ሌላ ደግሞ ምንም አያውቅም፤ እንቁላል እንኳ መቀቀል አይችልም።

ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ዘፋኞች በልምምድ ላይ ድምፃቸውን ይቆጥባሉ። ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ከፍተኛውን ኖታ ዝቅ አድርገው ያንሾካሹካሉ፣ አንዳንዱ ጭራሽ እጁን ብቻ አንስቶ ያልፈዋል። "ለምን?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነውር ነው።

"አባዬ፣ አንተም ቆጥብ" አልኩት። "እስኪመለስልህ ዝም ብለህ ቆጥብ። ማን ያውቅብሃል?"

ማንም አላወቀበትም። አሥር ቀን ሙሉ ትንፍሽ ሳይል ተለማመደ። የኦርኬስትራው መሪ፣ ማኤስትሮው፣ እንዲያውም ወጣቶቹን ሰብስቦ "ከእሱ ተማሩ! ልምድ ማለት ይሄ ነው!" አላቸው። ሳቄ እንዳያመልጠኝ እጅጌዬን ነከስኩ።

ዓርብ የመጨረሻው ልምምድ ሆነ። ልብስ ተለብሶ፣ ኦርኬስትራው ሞልቶ፣ የከተማው ሽማግሌዎች ገብተው የሚሰሙበት። የመጨረሻውን ዜማ በዚያ ቀን መቆጠብ የለም።

እኔ ከጣሪያው ሥር፣ ሰገነቱ ላይ ነኝ። አጠገቤ ሲኞር ፊዮሬንዞ ተቀምጧል። ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ያንኑ ወንበር ይዞ ዘፋኝ ሲያስለቅስ ኖሯል። አንድ ኖታ ከተበላሸች ያፏጫል። እሱ ያፏጨበት ቴነር ወደ ከተማችን ተመልሶ አያውቅም።

"አባትሽ ዛሬ ይዘፍናል ወይስ እንደ ዓሣ አፉን ይከፍትና ይዘጋል?" አለኝ፣ ሞርታዴላ ያለበትን ዳቦውን እየገመጠ።

"ዳቦው እንዳያንቅዎት ይጠንቀቁ።"

"ምላስሽ ከቁመትሽ ይረዝማል።"

ኦርኬስትራው ጀመረ... አባቴ ወደ ፊት መጣ...

ከዚያ ድምፁ መጣ።

ሙሉ። ንጹሕ። ወጣት ሳለ የቀዳው ካሴት ላይ እንዳለው።

"ብራቮ!" ብዬ መጀመሪያ የጮህኩት እኔ ነኝ። "የእኔ አባት ነው! ሰሙ? የእኔ አባት!"

ፊዮሬንዞ ማኘክ አቆመ።

ያኔ ነው ትንንሽ ነገሮች የታዩኝ...

ድምፁ ከአባቴ አፍ ይቀድማል። በጣም ትንሽ። ዓይን እስኪርገበገብ ያህል።

ከፍተኛውን ኖታ ሲይዝ አንገቱ ላይ የምትገተር ደም ሥር አለች። በቀኝ በኩል። አልተገተረችም።

ትንፋሹም...

ከልጅነቴ ጀምሮ እቆጥርለት ነበር። በዚያ ዜማ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ቆጠርኩ።

አንድም የለም።

ልብስ መቀየሪያው ስገባ መስታወቱ ፊት ተቀምጧል። በሩን ዘጋሁት።

"አባዬ... ድምፅህ ተመለሰ?" አንሾካሾክኩ።

ራሱን ነቅንቆ "አይ" አለኝ።

"ታዲያ ማን ነው?"

ደብተሩን ሳበ። "እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር።"

ከሥሩ ጨመረበት፦ "ከኋላዬ ነው የሚመጣው። ማጅራቴ ላይ።"

ዞሬ አየሁ። ግድግዳና የተሰቀለ ኮት።

ፈራሽ ወይ ትሉኛላችሁ። እንጃ። ጥርስ ሐኪም መርፌ ሲወጋ ከንፈር ይደነዝዝ የለ? እንደዚያ ሆንኩ። ግን መላ አካሌ።

"እንናገር?"

እርሳሱን አነሳ። "እሑድን ልዝፈን" ብሎ ጻፈ። ከዚያ "ልዝፈን" የምትለዋን ሰርዞ "ልቁም" አላት።

"እሺ" አልኩ። የካባው ጠርዝ ተተርትሮ ነበር፤ ተቀምጬ ሰፋሁለት።

እሑድ ቲያትር ቤቱ ጢም አለ። የዓርቡ ወሬ ከተማውን አዳርሶታል። ሰገነቱ ላይ መፈናፈኛ የለም።

መጋረጃው ተከፈተ። ድምፁ ዘፈነ፤ አባቴ ቆመ። አንደኛው ገቢር አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሰው ያለቅሳል። እኔ መዳፌን እያየሁ አጨበጭባለሁ።

የመጨረሻው ትዕይንት ረጅም ነው። ገና መግቢያው ላይ አባቴ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ተወ።

ዜማው ቀጠለ።

"ሲኞር ፊዮሬንዞ... አፉን ይዩት።"

"ሽሽ።"

"አፉ ተዘግቷል እኮ!"

"እኔ ይዤ የመጣሁት ጆሮዬን ነው።"

ከዚያ አባቴ ካባውን ሰብሰብ አደረገ። ዞረ። ሥራውን እንደጨረሰ ሰው፣ ቀስ ብሎ ከመድረኩ ወጣ።

ድምፁ እዚያው ቀረ።

መብራቱም እዚያው ቀረ... ባዶው ሳንቃ ላይ።

ማኤስትሮው ባዶውን ቦታ ዓይን ዓይኑን እያየ እጁን ያወዛውዛል። ባዶው ቦታ ፈጠን ሲል፣ እሱም ፈጠን ይላል።

አንድም ሰው አላጉረመረመም።

ቆይቶ ከኋላዬ ደረጃው ሲንቋቋ ሰማሁ። ወደ ሰገነቱ ዘጠና ሁለት ደረጃ ነው። አንድ ሰው እያለከለከ ይወጣል...

አባቴ ነው። ካባውን እንደለበሰ፣ ኩሉ ከላቡ ጋር ጉንጩ ላይ ወርዶ። አጠገቤ በግድ ተሸጉጦ ተቀመጠና እጄን ያዘኝ። እጁ ይሞቃል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ያርፋል።

ታች ያለው ግን አሁንም አንዴ እንኳ አልተነፈሰም።

አባቴ አዳመጠው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንደሚያደንቅ ሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ያለ ድምፅም ቢሆን አነበብኩት።

"ከእኔ ይሻላል።"

ብድግ አልኩ።

"አባቴ እዚህ ነው!" ጮህኩ። "እዚህ ነው ያለው! እዚያ ማንም የለም! አታዩም?"

አንድ ራስ እንኳ አልዞረም።

ታች የአባቴን ፍቅረኛ ሆና የምትጫወተው ዘፋኝ ወደ ባዶው ቦታ ተራመደች። ዓይኗን ጨፈነች። ራሷን ወደ ጎን ጥላ... አየሩ ላይ አሳረፈችው።

አልወደቀችም።

ፊቷ ላይ የተበተነው ፀጉር የሚታይ እጅ ሳይነካው ቀስ ብሎ ተነሳ... ከጆሮዋ ኋላ ገባ።

"ሲኞር ፊዮሬንዞ!" ክንዱን ጎተትኩት። "ይኸው አባቴ! እዚህ ተቀምጧል! ዞር ብለው ይዩት!"

ፊዮሬንዞ ዓይኑን ከመድረኩ አልነቀለም። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

"አባትሽን ማን ጠየቀሽ? ዝም በይና ዘፋኙን እንስማበት!"