የማይጠፋው መብራት

ሽማግሌው የኮድ ባለሙያ ሞቶ የተገኘው ምድር ቤት፣ ከማሽኖቹ ክፍል በር ሥር ነው። እሳት ለማጥፊያ የተዘጋጀው ጋዝ ያለ እሳት ተለቆ አፈነው። ጣት ሁሉ ወደ ጥበቃው ዞረ፤ የበሩን ሰሌዳ ሲነካካ የታየ እሱ ብቻ ነዋ።

«እትዬ፣ ልከፍትለት ነው የተጫንኩት» አላት ለመርማሪዋ። «ይከፈትና መልሶ ይቆለፋል። ሲያንኳኳ እሰማው ነበር። እኔን ማን ያምነኛል?»

«አምኜሃለሁ አላልኩም። ተቀመጥ።»

ወሬ የማይሸነግላት ሴት ናት። ከሌላ መሥሪያ ቤት ባለሙያ አስጠርታ ሟቹ ኮምፒዩተር ስለሚያዝበት ቋንቋ ጠየቀች። በዚያ ቋንቋ «ክፈት፣ ዝጋ» አይባልም አላት፤ ነገሩ ምን ሆኖ መገኘት እንዳለበት ይጻፋል። ኮምፒዩተሩም ያለውን ከተጻፈው ጋር እያስተያየ፣ ሰው በእጁ የለወጠውን ወደ ተጻፈው ይመልሳል። ሟቹ ድርጅቱ ከሩቅ በኢንተርኔት የተከራያቸውን ማሽኖችም፣ የምድር ቤቱን በር፣ ጋዝና መብራትም የሚያዘው በዚሁ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው በሟቹ ኮምፒዩተር ገብቶ ጋዙ እንዲለቀቅ፣ በሩም እንደተቆለፈ እንዲቆይ ጽፏል።

መርማሪዋ ሟቹ ቢሮ ገባች። ጠረጴዛው፣ መደርደሪያው አቧራ ለብሷል። ስክሪኑ ፊት ሁለት ወንበር አለ።

«ሁለተኛው የማን ነው?»

«የማንም» አለች እንግዳ ተቀባይዋ፣ የሟቹ የእህት ልጅ። «ለሚማር ሰው ብሎ ነው። ‹ልጄ፣ በዚህ ቋንቋ የማወራው ሰው አጣሁ፣ ነይ ላስተምርሽ› ይለኝ ነበር። ‹ጋሼ፣ እኔ በአማርኛውም አልቻልኩህ› እያልኩ እስቅበት ነበር።»

«የማንም ያልሆነ ወንበር አቧራ ይጠጣል። ይሄ ንጹሕ ነው።»

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቋንቋውን ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው ከንፈሩን ጣለ። «እኔ ቋንቋ ልማር? የእኔ ሥራ ማዘዝ ነው።»

ሦስቱንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። መስኮት የለውም። የኮሪደሩን መብራት ከሰሌዳው አጠፋችና «ውጡ» አለች።

ጥበቃው ባትሪውን አወጣ። የእህቱ ልጅ ግድግዳ እየዳበሰች ሄደች። ሥራ አስኪያጁ እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ደፍ ላይ ቆመ።

«ምን ይጠብቃሉ?»

«መብራቱን ነዋ» አለ። መብራቱም በራ።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ የእሱ ሳይራመድ የቆመው እግሩም አብሮ ከዳው።

«ተመልሶ እንደሚበራ ማን ነገረዎት?» አለች መርማሪዋ። «ጥበቃው በሩ የተበላሸ መስሎት ነበር። ይህች ልጅ ስቃ አልፋለች። የጠፋው ራሱ እንደሚመለስ የሚያውቅ፣ ቋንቋውን የተማረ ነው። የተማረውም ከአንድ ሰው ነው፣ በዚያ ንጹሕ ወንበር ላይ። ቋንቋውን ካወቁ ለምን ደበቁን?»

ሥራ አስኪያጁ ግድግዳውን ተደገፈ።

«የሽማግሌውን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ለባለቤቶቹ ነግሬአቸው ነበር። ሰማና እውነቱን ልነግራቸው ነው አለኝ።»

«ሲያስተምርዎትስ?»

«ደስ ብሎት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ምሳውን እንኳ ይረሳ ነበር።»

ፖሊሶች ወሰዱት። ጥበቃው እፎይ ብሎ መብራቱን ለማጥፋት ሰሌዳውን ተጫነ። ጠፋ፤ ወዲያው በራ። ደገመው። በራ።

«ተወው» አለች መርማሪዋ። «ቋንቋውን የሚያውቅ እስኪገኝ አይጠፋም።»

የእህቱ ልጅ ወደ ቢሮው ወጥታ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ ያለውን የአጎቷን ባዶ ወንበር ብዙ አየችው።

«መጣሁ፣ ጋሼ» አለች።