ዝናብ ያልነካው መሬት

ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ቢሆነኝ ሲደርስ ዝናቡ ካባራ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ደላላው ምስጋኑ ከወለላ ምግብ ቤት ጓሮ፣ ከአንድ የጭነት መኪና አጠገብ፣ ማጅራቱን ተመትቶ በግንባሩ ተደፍቷል። በዚያ የ1977 ሚያዝያ፣ ረሃቡን ሸሽቶ ከብልባላ በእግሩ እየመጣ ጋሸና መገንጠያ ላይ ለሚፈሰው ስደተኛ መኪና የሚፈልግለት እሱ ነበር።

«ገዳይዋ ያቻትና» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ገለቴ። «ጠዋት አንቃው ነበር። ስደተኛውን በሙሉ ዛሬውኑ ወደመጣበት እመልሳለሁ።»

ከስደተኞቹ አንዷ፣ ይማርሽ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ለምን አነቅሽው?» አላት ቢሆነኝ።

«እኅቴ አሰለች እሱ ባገኘላት መኪና ሄዳ ወልዲያ አልደረሰችም። የማን መኪና እንደሆነ ደበቀኝ። በኋላ ግን ከምሳ በኋላ እነግርሻለሁ አለ።»

ባለቤቲቱ ወለላ ጣልቃ ገባች። «ምሳውን በልቶ ወደ ጓሮ ሲወጣ እሷ እኔው ዘንድ ምስር ትለቅም ነበር። ዝናቡ እስኪያባራ ከአጠገቤ አልተነሳችም።»

«ጓሮ ውስጥ የማን መኪና ነበር?»

«መኪና ሲገባ ሲወጣ ነው የሚውለው፤ ልብ አላልኩም።»

ሹፌሩ አረጋ ቀረብ አለ። «እኔ ከወልዲያ የገባሁት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። መኪናዬን እዚህ እንዳቆምኩ ወድቆ አየሁትና ሰው ጠራሁ።»

ቢሆነኝ ሬሳውን ቀና አድርጎ ከሥሩ ያለውን አፈር ዳሰሰ። ከመኪናው ሥር ጎንበስ አለ። የመፍቻ ሣጥኑን አስከፍቶ ሲያይ ቆየና ሁሉንም ወደ ምግብ ቤቱ ሰበሰበ።

«የሟች ጀርባ በስብሷል፤ የተኛበት አፈር ግን ደረቅ ነው» ሲል ጀመረ። «ስለዚህ የሞተው ከዝናቡ በፊት ነው። ያኔ ይማርሽ ከወለላ ጋር ነበረች። አረጋ፣ ከዝናቡ በኋላ ገባሁ ብለሃል። መኪናህ ሥር ግን አቧራ ነው፤ ከዝናቡ በፊት ጀምሮ እዚያው ቆሞ ነበር።»

ቢሆነኝ ወደ አረጋ ጠጋ አለ።

«መሣሪያህ ሁሉ ግራሶ ለብሷል፤ የጎማ መፍቻህ ብቻ ታጥቧል። ምስጋኑ ከምሳ በኋላ ሊናገር የነበረው የአንተን ስም ነው።»

አረጋ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። «እኅቷ ኬላው ላይ እንዳትታይ ሸራውን ከላይዋ አጥብቄ አሰርኩት። ስፈታው ትንፋሽ አልነበራትም። ምስጋኑን ዝም በል ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ።»

«የት ጣልካት?» አለች ይማርሽ።

«ወደ ወልዲያ መውጫው ላይ ካለው ድልድይ በታች። ድንጋይ ከምሬባታለሁ።»

ቢሆነኝ ካቴናውን እያወጣ ወደ ገለቴ ዞረ። «ስደተኛውን የሚመልስ የለም። አካፋ ይምጣ።»

ይማርሽ ግን አካፋ አልጠበቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ደጅ የተቀመጡት የብልባላ ሰዎችም ምንም ሳይጠይቁ አንድ ባንድ ተነሥተው ተከተሏት።